ፕላኔን በ1.618 ሠራሁት፤ ታዲያ ለምን አላማረም?

ይህን ርዕስ በመድረኩ ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። የውይይቱ ክር አሁን 26 መልስ ደርሷል። አዲስ የገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ እየከበደው መሆኑን ስላየሁ፣ እስካሁን የተባለውን በየቁጥሩ ልተርክ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ የገባኝን ነው የምጽፈው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነበር። ለራሴ ቤት ንድፍ እየሞከርኩ ነው። አርክቴክት አይደለሁም፤ መሳል ግን እወዳለሁ። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። የፊት ገጹን 10.5 ሜትር በ6.5 ሜትር አደረግኩት። ሲካፈል 1.615 ይመጣል። ወርቃማው ምጥጥን ከሚባለው 1.618 ጋር ለጥቂት ነው የሚለያየው። አምስቱን መስኮቶች በዚሁ ቁጥር ሠራኋቸው። በሩንም፣ የደረጃውን መርገጫ ሳይቀር። ከዚያ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ራቅ ብዬ ሳየው ዓይኔ አላርፍ አለ። ምን እንደሚረብሸኝ አላውቅም፤ ግን ይረብሻል። በአቴንስ ያለው የግሪኮች ቤተ መቅደስ ፓርተኖን፣ የባሕር ዛጎልና የሰው አካል በዚህ ቁጥር ተሠርተው ካማሩ፣ የእኔ ለምን እምቢ አለ? ብዬ ጠየቅሁ። ንድፉንም አያያዝኩ።

መልስ 1 በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። ጨዋ መልስ ነበር፤ በአብዛኛው ጥያቄ ነው። ቤቱን ሰው ከየት ሆኖ እንደሚያየው፣ መንገዱ ከግድግዳው ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ ፊቱ ወደ የት እንደሚዞር ጠየቀኝ። አንድን ሕንፃ በአንድ እይታ ሙሉውን ለመያዝ የቁመቱን እጥፍ ያህል መራቅ እንደሚያስፈልግ አስረዳኝ። ለእኔ ቤት ያ 13 ሜትር ነው። በ6 ሜትር ርቀት የቆመ ሰው ግን ጣሪያውን ለማየት ቀና ማለት አለበት፤ ሙሉው አራት ማዕዘን ዓይኑ ውስጥ አይገባም። እኔ ያን ጊዜ ጥያቄውን ዘለልኩት። የምፈልገው የቁጥሩን ምሥጢር ስለነበር የመንገዱ ርቀት ተራ ነገር መሰለኝ።

መልስ 2 በሙሉ ልቡ ከእኔ ጋር ተስማማ። የሱፍ አበባን፣ ቀንድ አውጣን፣ ማዕበልን ጠቀሰ። ተፈጥሮ የምትሠራበት ቁጥር አንድ ነው ባይ ነው። የእኔ ጥፋት ቁጥሩን አለማብዛቴ እንደሆነም መከረኝ፤ በግቢው ላይ ሳይቀር ጥምዝ መስመር እንድጨምር። ሞቅ ያለ መልስ ነበርና ደስ አለኝ።

መልስ 3 የዕፅዋት ተማሪ ናት። ያቀናችው በእርጋታ ነው። ስለ ሱፍ አበባው መልስ 2 ልክ ነው። የፍሬዎቹን ጥምዝ መስመሮች ብንቆጥር ብዙ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ 34፣ በሌላው 55 እናገኛለን። አዲሱ ፍሬ ከቀድሞው በ137.5 ዲግሪ ያህል እየዞረ ስለሚወጣ አንዱ በሌላው ትክክል አይሰለፍም፤ ቦታ አይባክንም። ዛጎሉ ግን ሌላ ነገር ነው። ወርቃማው ጥምዝ በአንድ ሙሉ ዙር 6.85 ጊዜ ይሰፋል። ናውቲለስ የሚባለው የባሕር እንስሳ ዛጎል ደግሞ በአንድ ዙር ወደ ሦስት ጊዜ ገደማ ነው የሚሰፋው። ሥዕሉን አመሳስለው የሚለጥፉት ብዙ ናቸው፤ ልኬቱ ግን አይገጥምም። ቀጥላ ያለችው ነው የበለጠ የቆረቆረኝ። ሱፍ አበባ ያን ማዕዘን የያዘው ፍሬ ለማሸግ ነው፤ ምክንያት አለው። የእኔ መስኮት ምን ምክንያት እንዳለው ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልስ 4 ረጅም ነው፤ ስለ ፓርተኖን ብቻ። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት እላለሁ። ቤተ መቅደሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ዓምዶቹ የቆሙበት ወለል 30.88 ሜትር በ69.5 ሜትር ነው። ካልኩሌተር አንስቼ አካፈልኩት። 2.25 መጣ። 1.618 አይደለም። 2.25 ማለት 9 ለ4 ነው። ጸሐፊው እንዳሳየው ይኸው 9 ለ4 ተመልሶ ይመጣል፤ በፊት ገጹ ስፋትና እስከ ጣሪያው ግርጌ ባለው ከፍታ መካከል፣ በዓምዶቹ ርቀትና በአንዱ ዓምድ ውፍረት መካከልም። እንግዲህ ያ ሕንፃ በእርግጥ በቁጥር የታሰረ ነው። ቁጥሩ ግን እኔ የገመትኩት አይደለም። ወርቃማውን አራት ማዕዘን የሚለጥፉት ሥዕሎች አንዱ ከላይኛው ደረጃ፣ ሌላው ከታችኛው ይጀምራሉ፤ ጫፉም የፈረሰ ስለሆነ እንዳመቻቸው ይሞሉታል።

መልስ 5 አጭር ምስጋና ነው። መልስ 6 ደግሞ የስሙን ታሪክ አመጣ። የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ ይህን አከፋፈል፣ ማለትም ሙሉው መስመር ለትልቁ ክፋይ፣ ትልቁም ለትንሹ በአንድ ምጥጥን እንዲሆን መክፈልን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ጽፎታል፤ ስለ ውበት ግን አንድም ቃል አላለም። በ1509 ሉካ ፓቺዮሊ የሚባል መነኩሴ መለኮታዊ ብሎ አሳተመው፤ ሥዕሎቹን የሠራለት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው። ስለ ሕንፃ ሲጽፍ ግን ይኸው ፓቺዮሊ ወደ ቀላል ቁጥሮች ተመልሷል። ወርቃማ የሚለው ስም በ1835 በጀርመንኛ ታትሞ ወጣ። የሰው አካልም፣ ዕፅዋትም፣ ሕንፃም ሁሉ በዚህ ሕግ ይገዛሉ የሚለውን ያስፋፋው ጀርመናዊው ጸሐፊ አዶልፍ ዛይዚንግ ነው፤ በ1854። ጥንታዊ የመሰለኝ እምነት ለካ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። መልስ 7 የመልስ 2 ጸሐፊ ነው፤ ተቆጥቶ ተመለሰ። እየቆራረጣችሁ ውበትን ገደላችሁት የሚል ስሜት ያለው ነው። በሜትር የሚለካ ሁሉ እውነት አይደለም፣ ልብ የሚያውቀው አለ ባይ ነው። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ሐሳቡን አልናቅሁትም። እኔም ወረቀቴ እንዳላማረ ያወቅሁት በልቤ እንጂ በመለኪያ አልነበረም።

መልስ 8 የጻፈችው ሙዚቀኛ ናት። ነገሩን ወደ አውታር ወሰደችው። አንድን አውታር በግማሽ ብትይዘው ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ይመለሳል፤ 2 ለ1 ነው። 3 ለ2 እና 4 ለ3 ደግሞ ለጆሮ የሚጥሙ ጥምሮች ናቸው። ፓይታጎራስና ተከታዮቹ ያስተማሩት ይህን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው አርክቴክት ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ ለጆሮ የጣመ ቁጥር ለዓይንም ይጥማል ብሎ ወደ ሕንፃ አመጣው። ከእሱ በኋላ ሌላው ጣሊያናዊ አርክቴክት አንድሬያ ፓላዲዮ በ1570 ባሳተመው መጽሐፍ ሰባት የክፍል ቅርጾችን መከረ። እነሱም ክብ፣ እኩል አራት ማዕዘን፣ ርዝመቱ ከእኩል አራት ማዕዘኑ ሰያፍ ጋር እኩል የሆነ፣ 4 ለ3፣ 3 ለ2፣ 5 ለ3 እና 2 ለ1 ናቸው። ወርቃማው ምጥጥን ከሰባቱ ውስጥ የለም።

እሷ በዚህ አላቆመችም። የጣሪያውን ከፍታ እንዴት እንደሚያወጡም ጻፈች። ጣሪያው ጠፍጣፋ ከሆነ ከፍታው የክፍሉን ወርድ ያህል ይሁን። ቅስት ከሆነ ግን በወርዱና በርዝመቱ መካከል ያለ ቁጥር ይፈለጋል። ክፍሉ 6 በ12 ቢሆን ተራው አማካይ 9 ነው። የሙዚቃው አማካይ ደግሞ 8 ነው። 8 ከ6 ጋር 4 ለ3፣ ከ12 ጋር 3 ለ2 ይሆናል። ክፍሉ ራሱ ዜማ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። ሳሎኔ 4 በ6 ነበርና ሳላውቀው 3 ለ2 ላይ ቆሜያለሁ።

መልስ 9 ባለ ሙያ መሐንዲስ ነው። በፓላዲዮ ሕግ ለ4 ሜትር ወርድ 4 ሜትር ከፍታ ልሥራ ብል ደረጃው ስንት ሜትር እንደሚረዝም፣ ክፍሉን ለማሞቅም ሆነ ለማቀዝቀዝ ምን ያህል አየር እንደሚጨምር አስታወሰኝ። ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፈው። ልክ ነበር።

መልስ 10 ግን ስለታም ነው። ሙዚቀኛዋን በቀጥታ ተቃወማት፤ አንዳንዱ ቃሉ ከሚገባው በላይ ከረረ። ጆሮ የተበላሸ ድምፅን ወዲያው ይለያል። ዓይን ግን ክፍሉን ከጥግ ሆኖ፣ እየተራመደ፣ የራቀው እያነሰበት ነው የሚያየው። ማንም ሰው ክፍል ገብቶ 3 ለ2ን አያይም ባይ ነው። ምስክር የጠራው ፈረንሳዊውን ክሎድ ፔሮን ነው። ፔሮ ሐኪም ነበር፤ በፓሪስ ያለውን የሉቭር ቤተ መንግሥት ምሥራቃዊ ገጽ ከነደፉትም አንዱ ነው። በ1683 የዓምዶች ልክ ውብ የሚመስለን ስለለመድነው ነው ብሎ ጻፈ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አንቷን ዴጎዴ የሮማን ፍርስራሾች በጥንቃቄ ለክቶ ሲያሳትም፣ ከሱ በፊት የነበሩት ታላላቅ ጸሐፊዎች ያወጡት ልኬት ከእውነተኛው እንደማይገጥም ታየ። ሕንፃዎቹ እርስ በርሳቸውም አንድ ሕግ አልነበራቸውም። የሚሰበከው ሕግ እንግዲህ የት አለ? የመልስ 10 ጥያቄ ይህ ነው።

መልስ 11 የሙዚቀኛዋ ነው። ቅር ብሏታል። እሷ ሕግ እንዳላወጣች፣ የሰዎቹን አስተሳሰብ እንደተረከች ብቻ ጻፈችና ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ይህን ካነበብሽ እባክሽ ተመለሺ። ከሁሉም መልስ ሳሎኔን ደግሜ እንዳየው ያደረገኝ ያንቺ ነው።

መልስ 12 ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረ። ግሪኮች ዓይን እንደሚሳሳት ያውቁ ነበር አለን። ለዚህ ነው የፓርተኖን ወለል ቀጥ ያልሆነው። በረጅሙ ጎን መሐሉ 11 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በአጭሩ ጎን 6 ሴንቲሜትር ገደማ ያብጣል። ዓምዶቹ ወደ ውስጥ ዘንበል ይላሉ። በማዕዘን ያሉት ዓምዶች ከኋላቸው ሰማይ ስላለ ቀጭን ይመስላሉና ትንሽ ወፈር ተደርገዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥር ያዙ፤ ከዚያ ቁጥሩን ለዓይን ሲሉ አጠፉት። እንደገና ደግሞ ዓይን የሚያየው ምጥጥንም አለ ብሎ የሮማን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ፓንተዮንን አነሳ። የውስጡ ክብ ስፋት 43.3 ሜትር ነው፤ ከወለል እስከ ጉልላቱ ቀዳዳ ያለው ከፍታም ያንኑ ያህል ነው። ሙሉ ኳስ ውስጡ ይገባል። እዚያ የገባ ሰው ቁጥሩን ባያውቅም እኩልነቱ ይሰማዋል ባይ ነው። ለእኔ እስከዚያ ከነበሩት ሁሉ ሚዛናዊው መልስ ይህ ነው።

መልስ 13 ወደ ሰው አካል ተሻገረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ መቶ ዓመት የጻፈው ሮማዊው ቪትሩቪየስ መለኪያን ሁሉ ከአካል ነው ያወጣው። አራት ጣት አንድ ጋት ነው፤ አራት ጋት አንድ እግር፣ ስድስት ጋት አንድ ክንድ። ዶሪክ በሚባለው የግሪኮች ስልት የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዓምዶች ቁመታቸው የውፍረታቸው 6 እጥፍ የሆነው የወንድ እግር የቁመቱ አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ነው ይላል። ኋላ ግን ዓይን ቀጠን ያለውን እየወደደ ሄዶ ዶሪኩን ወደ 7፣ አዮኒክ የሚባለውን ሌላውን ስልት ከ8 ወደ 9 አሳደጉት። ጸሐፊው ከዚህ ተነስቶ ምጥጥን ማለት ሰውን ማክበር ነው አለ። የ20ኛው ክፍለ ዘመኑ አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬም ሞዱሎር የሚለውን መለኪያ በ1.83 ሜትር ሰው ላይ እንደመሠረተ ጨመረ፤ ያ ሰው እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ 2.26 ሜትር ይደርሳል። እሱ የሠራው፣ በ1952 ያለቀው የማርሴይ መኖሪያ ሕንፃ የክፍሎቹ ከፍታ ይኸው 2.26 ነው። ቁጥሮቹ እርስ በርስ የሚያያዙትም በወርቃማው ምጥጥን ነው።

መልስ 14 የሴት ነው፤ ምሬት አለበት። ያ ሰው የማን አካል ነው? አለችው። መጀመሪያ 1.75 ነበር፤ በኋላ ወደ 1.83 ከፍ አለ፤ ሁለቱም ጊዜ ወንድ ነው። የእሷ ቁመት 1.55 ነው። በተከራየችው ቤት የማእድ ቤቱን ላይኛ መደርደሪያ አራት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ እየወጣች ነው የምትጠቀመው። አንድ ጊዜም ወድቃለች። ሰውን ማክበር ከተባለ በቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው መለካት እንደሚቀድም ጻፈች። መልስ 13 ይቅርታ አልጠየቀም፤ ቢጠይቅ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ባለቤቴንና እናቴን ግድግዳ ላይ አቁሜ ለካኋቸው። የመደርደሪያው ከፍታ ተለወጠ።

መልስ 15ን የጻፈው ግንበኛ ነው። ፊደሉ ብዙ ግድፈት አለው፤ ግን ከክሩ ሁሉ እንደዚህ የጠቀመኝ የለም። እንዲህ ነው ያለው። ደረጃ ላይ ዓይን ሳይሆን እግር ነው ዳኛው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንሷ ብሎንዴል የሚባል ፈረንሳዊ ያወጣው ስሌት እስከዛሬ ይሠራል። የአንዱን ደረጃ ከፍታ ሁለት ጊዜ ወስደህ የመርገጫውን ስፋት ስትደምርበት 63 ሴንቲሜትር አካባቢ መምጣት አለበት። ይህም ከሰው እርምጃ የተወሰደ ነው። ሽቅብ ማንሳት ወደፊት ከመራመድ ይበልጥ ስለሚያደክም ከፍታው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ቀጥሎ የራሱን ገጠመኝ ጻፈ። በወጣትነቱ አንድ ደረጃ ሠርቶ ጨረሰ። የላይኛውን ወለል ሴራሚክና ሊሾ ውፍረት አልቆጠረም ነበር። ወለሉ ሲነጠፍ የመጨረሻው ደረጃ ከሌሎቹ በ3 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ቀረ። በዓይን አይታይም። የሚወጣው ሰው ሁሉ ግን እዚያች ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል። እሱ ከታች ቆሞ እያንዳንዱ ሰው ሲደናቀፍ አየ። በመጨረሻ በራሱ ወጪ አፍርሶ እንደገና ሠራው።

የራሴን ደረጃ አውጥቼ ለካሁ። ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ነው። በ16 ከፍዬው እያንዳንዱ 19.1 ሴንቲሜትር ነበር። ይህን በ1.618 አባዝቼ መርገጫውን 30.9 አድርጌዋለሁ። በግንበኛው ስሌት 69 ይመጣል። እናቴ በዚያ ደረጃ ልትወጣ አትችልም። በ18 ስከፍለው 17 ሆነ፤ መርገጫውን 29 አደረግኩት። ድምሩ 63 ነው። በዚያ ምሽት ነው በ1.618 ላይ የነበረኝ እምነት የተሰበረው። ቁጥሩ ውብ ነው፤ እግር ግን አያውቀውም።

መልስ 16 እና 17 ከርዕሱ ወጡ። ስለ ወረቀት ነው ያወሩት። የኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊሜትር ነው፤ 1 ለ1.414። ለሁለት ብታጥፈው ያው ቅርጽ ይመለሳል፤ ይህ ጠባይ ያለው ሌላ አራት ማዕዘን የለም። በጀርመን መደበኛ መለኪያ የሆነው በ1922 ነው። ከዚያ ወሬው ወደ ኮምፒውተር ስክሪን ዞረ። የክሩ ተቆጣጣሪ በመልስ 18 መለሳቸው። እኔ ግን አንድ ነገር ይዤ ቀረሁ። ያ ወረቀት ከፓላዲዮ ሰባት ክፍሎች አንዱ ነው፤ በአራት ማዕዘን ሰያፍ የሚሠራው።

መልስ 19 የስትራክቸር መሐንዲስ ነው። ስለ ተፈጥሮ ስምረት ስታወሩ ክብደትን ረስታችኋል ባይ ነው። ጋሊልዮ በ1638 እንዳሳየው አንድን ነገር በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ብታደርገው ክብደቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ የሚሸከመው ዓምድ አግድም ሲቆረጥ የሚታየው ገጽ ስፋት ግን 4 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የዝሆን እግር የአጋዘን እግር ሰፍቶ አይደለም፤ ሌላ ምጥጥን ነው። ጠረጴዛ ላይ ያማረ ሞዴል በእውነተኛ መጠኑ ሊከብድም ሊፈርስም የሚችለው በዚህ ነው። ተፈጥሮን መምሰል ከተፈለገ ኃይሉን ተከተሉ አለ። ሮበርት ሁክ በ1675 የተንጠለጠለ ሰንሰለት ቢገለበጥ ትክክለኛውን የቅስት ቅርጽ እንደሚሰጥ ተናግሯል። የባርሴሎናው አርክቴክት ጋውዲ ክር ላይ ክብደት እያንጠለጠለ፣ ምስሉን እየገለበጠ ነው የነደፈው። እዚያው የነደፈው ቤተ ክርስቲያን፣ የሳግራዳ ፋሚሊያ ዓምዶች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጡት ለጌጥ አይደለም፤ ጭነቱ የሚወርድበትን መንገድ ተከትለው ነው። የማዕከላዊው ግንብ ከፍታ 172.5 ሜትር የተባለውም የሰው ሥራ ከከተማዋ ኮረብታ ከሞንትዡይክ እንዳይበልጥ ነው።

መልስ 20 በሌላ በር ገባች። የተፈጥሮ ስምረት ማለት ቁጥር ሳይሆን መስኮት ነው አለች። በ1984 ሮጀር ኡልሪክ ያወጣውን ጥናት አመጣች። በፔንስልቬንያ በሚገኝ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው 46 ሕሙማን ናቸው። ግማሾቹ በመስኮት ዛፍ ያዩ ነበር፤ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ቁጥራቸው ትንሽ መሆኑን ራሷ ጠቅሳለች።

መልስ 21 ይህ ከምጥጥን ጋር ምን አገናኘው ብሎ በስድብ ነው የመለሰላት። መልስ 22 ተሰርዟል፤ ምን እንደነበረ ያየሁ ስለሆነ መሰረዙ ተገቢ ነው እላለሁ። ሰው ስለ ውበት እየተነጋገረ እንዲህ መዋረድ አልነበረበትም።

መልስ 23 የመጣው ከሦስት ቀን ዝምታ በኋላ ነው። የጻፉት በዚህ መድረክ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት አርክቴክት ናቸው። ክርክሩን አልነኩትም። ንድፌን አትመው፣ በእርሳስ ሠርተውበት፣ ፎቶ አንስተው ለጠፉት። መስኮቶቹን ትተው በመስኮቶቹ መካከል ያለውን ግድግዳ አጥቁረውታል። ያን ጥቁር ሳይ ደነገጥኩ። አንዱ 40 ሴንቲሜትር፣ አንዱ 95፣ አንዱ 70፣ አንዱ 130 ነው። ቅርጽ የላቸውም። እኔ ቀዳዳዎቹን ለካሁ፤ ግድግዳው የተረፈ ነገር ሆነ። ዓይን ግን ሁለቱንም እኩል ነው የሚያየው። የመስኮቶቹ አናት በአራት የተለያየ ከፍታ ላይ ነው። ሦስቱ ቆመዋል፣ ሁለቱ ተኝተዋል። እያንዳንዳቸው ወርቃማ ናቸው፤ እርስ በርስ ግን አይነጋገሩም።

ምክራቸው ቀላል ነው። የትኛውም ቁጥር ይሁን፣ አንድ ይያዝና ሁሉም ከእሱ ይውጣ። ምሳሌ ያደረጉት የፓላዲዮን ማልኮንቴንታ ቪላ ነው። በወርዱ 2፣ 1፣ 2፣ 1፣ 2 እያለ ነው የሚሄደው። በ1947 ኮሊን ሮው የሚባል የሕንፃ ሐያሲ፣ ለ ኮርቡዚዬ በፈረንሳይ ጋርሽ የሠራው ቤት በዚሁ ምት እንደሚሄድ አሳይቷል። አንዱ ዓምድና ተዳፋት ጣሪያ ያለው ነው፣ ሌላው ጠፍጣፋ ጣሪያ፤ ከሥር ያለው ምት ግን አንድ ነው።

መልስ 24 የመልስ 2 ጸሐፊ ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ። ቁጣው በርዷል። ጋሼ ያጠቆሩትን ግድግዳ አይቶ እሱም እንዳልታየው አመነ። ቁጥሩን ግን ዛሬም እወደዋለሁ አለ። እኔም እወደዋለሁ።

መልስ 25 የእኔ አዲስ ንድፍ ነው። ወርዱን ወደ 10.4 ሜትር ቀነስኩት። በ8 ሲካፈል አንዱ ክፋይ 1.3 ሜትር ነው። ምቱ 2፣ 1፣ 2፣ 1፣ 2 ሆነ። መስኮቱ ወርዱ 1.3፣ ቁመቱ 1.95 ነው፤ 3 ለ2። ላይ ሦስት፣ ታች ሁለት፣ በመካከላቸው በሩ። በመስኮት መካከል ያለው ግድግዳ 2.6 ሜትር፣ የመስኮቱ ሁለት እጥፍ ነው። ጥግ ላይ ያለው 65 ሴንቲሜትር፣ ግማሹ። የበሩና የታች መስኮቶቹ አናት አንድ መስመር ላይ ናቸው። የፊት ገጹ አሁን 1.6 ሆኗል፤ ከ1.618 ትንሽ ራቀ። ማንም አላስተዋለም። ግድግዳ ላይ ለጥፌ ሳየው ዓይኔ አረፈ።

መልስ 26 ያ የመጀመሪያው ሰው ነው። አመስግኖኝ የዚያን ቀን ጥያቄውን ደገመው። መንገዱ ስንት ሜትር ይርቃል? ፊቱ ወደ የት ነው?

ቅዳሜ ችካልና ገመድ ይዤ ቦታው ላይ ሄድኩ። 10.4 ሜትሩን ወጠርኩ። መንገዱ ከገመዱ 6 ሜትር ነው። እንዳለው ነው፤ ሙሉው አይታይም። የሚታየው በሩ፣ በሩን ከግራና ከቀኝ የያዙት መስኮቶችና ግድግዳው ናቸው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፊቱ ጋ ቆሜ ዞር ስል ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ምዕራብ ነው። ያ ሁሉ የ1.95 መስኮት ከሰዓት በኋላ ይጋገራል። የምዕራብ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከላይ የሚወጣ ታዛ አይከልላትም። ከጎን የሚቆም መከለያ ወይ ዛፍ ይፈልጋል።

መልስ 20ን አስታወስኩና ለዛፍ የሚሆን ቦታ በሩን ሳይጋርድ ከግራው 1.3 ሜትር ባዶ ግድግዳ ፊት ለፊት በችካል አመለከትኩ። ሥሩ መሠረቱን እንዳይነካ ከግድግዳው ስንት ሜትር መራቅ አለበት? የሚያውቅ ሰው በመልስ 27 ይጻፍልኝ።